የቤቱን ሰው ምን ብለን እንጥራው?

የረመዳን ጨረቃ ልትታይ ቀናት ሲቀሩ ቤት ለመቀየር የሚሯሯጥ ቤተሰብ አይጠፋም። ጾሙ ከገባ በኋላ ዕቃ መሸከሙም ቤት ማጽዳቱም ይከብዳልና “ቢያንስ ለመጀመሪያው ሱሑር ተረጋግተን እንድረስ” ይባላል። ደላላው የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ስንት ሰው ናችሁ፣ ትንንሽ ልጆች አሉ ወይ፣ የስንት ወር ትከፍላላችሁ። ቤት ፈላጊው የሚጠይቀው ግን በዚህ ሰሞን ትንሽ ይለያል። ከተራዊሕ ስንመለስ የግቢው በር ይከፈትልናል ወይ? ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ምድጃ ብንለኩስ የሚቆጣ አለ? ውሃ በስንት ቀን ነው የሚመጣው? አንድ ቀን ዘመድ ጠርተን ብናስፈጥርስ? ከዚህ ሁሉ በኋላ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የማይቀረው ጥያቄ ይመጣል፦ “ባለቤቶቹ እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው?”

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናወጋው ስለዚያች ቃልና ስለ ዘመዶቿ ነው። ቤት ያለውንና የሚያከራየውን ሰው ምን ብለን እንጠራዋለን? ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በአንድ ግቢ ውስጥ አከራይና ተከራይ ሆነው የሚጾሙ ቤተሰቦች ቃሉ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቁታል።

“ባለቤት” በአማርኛ ብዙ ሥራ ያለባት ቃል ናት። የንብረት ጌታ ባለቤት ነው። ሚስት ባሏን፣ ባልም ሚስቱን “ባለቤቴ” ይላሉ። በትምህርት ቤት የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ደግሞ የዓረፍተ ነገር ባለቤት አለ፤ ድርጊቱን የሚፈጽመው እሱ ነው፣ ድርጊቱ የሚያርፍበት ደግሞ “ተሳቢ” ይባላል። በአፋን ኦሮሞም “አባ መና” ሲባል የቤቱም ጌታ ነው፣ የሴትየዋም ባል ነው። ትግርኛ “ዋና ገዛ” ይላል። የሶማሌ ወንድሞቻችን አከራዩን “ሚልኪሌ” ይሉታል፤ ሥሩ “ሚልክ” የሚለው የዐረብኛ ቃል ነው፣ ይዞታ እንደማለት።

ችግሩ ቃሉ ላይ አይደለም፤ በግቢ ውስጥ ሲነገር የሚሰጠው ትርጉም ላይ ነው። “ባለቤቶቹ አልወደዱም”፣ “ባለቤቶቹ ተኝተዋል፣ ዝም በሉ” እየተባለ የሚያድግ ልጅ አንድ ነገር ይማራል። በዚህ ግቢ ቤት ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው፣ እኛ የለንም ብሎ ይይዛል። እናቱ የምታበስልበት፣ አባቱ የሚሰግድበት፣ እሱ ራሱ የሚያጠናበት ክፍል እያለ ማለት ነው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተሳቢ ሆኖ ያድጋል።

“አከራይ” የሚለው ቃል ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሰውየው ያለውን ሀብት ትቶ የሠራውን ሥራ ይናገራል። አጠገቡ ደግሞ ሁልጊዜ ጓደኛው ይቆማል፤ አከራይ ካለ ተከራይ አለ፣ ሁለቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፣ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ሥሩም ቢሆን ከሩቅ የመጣ ነው። “ኪራይ” ከዐረብኛው “ኪራእ” የመጣ ቃል ነው። ይኸው ቃል ወደ ቱርክ ሄዶ “ኪራ”፣ ወደ ኡርዱ ገብቶ “ኪራያ” ሆኗል። በኦሮምኛ “ኪራ”፣ በሶማሊኛ “ኪሮ”፣ በትግርኛ “ክራይ” ይባላል። “ደላላ” የሚለውም እንዲሁ የዐረብኛው “ደላል” ነው። የነጋዴ ቃል ከነጋዴ ጋር ይጓዛል፤ ብዙዎቹ የአገራችን ሙስሊሞች ለዘመናት በንግድ የኖሩ ስለሆኑ ከተማችን የምትከራይበት ቋንቋ ውስጥ የእነሱ እጅ ቢገኝ አይገርምም።

የፊቅህ መጻሕፍት ደግሞ ይህንን ውል “ኢጃራ” ይሉታል። አከራዩ “ሙአጂር”፣ ተከራዩ “ሙስተእጂር”፣ የሚከፈለው ገንዘብ “ኡጅራ” ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በረመዳን ከልጅ እስከ አዋቂ አፉ ላይ የማይጠፋ ቃል አለ፤ “አጅር”። ጾሙ አጅር አለው፣ ማስፈጠር አጅር አለው፣ ለጎረቤት ሾርባ ማድረስ አጅር አለው እንላለን። አጅርና ኡጅራ፣ ኢጃራና ሙአጂር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። አላህ ለባሪያው የሚመነዳውም፣ ለቀን ሠራተኛ የሚከፈለው ደሞዝም፣ የቤት ኪራዩም በዐረብኛ በአንድ ሥር ይጠራሉ። ሊቃውንቱ ቤት ማከራየትንና ሰው መቅጠርን በአንድ ምዕራፍ የሚያስተምሩትም ለዚህ ነው፤ ሁለቱም አንድን ጥቅም በታወቀ ዋጋ፣ ለታወቀ ጊዜ መስጠት ናቸው። ስለዚህ ሙአጂር ማለት የሆነ ነገር ሰጥቶ ዋጋውን የሚቀበል ሰው ነው። በቃሉ ውስጥ የበላይና የበታች የለም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በየግቢው ቢታወቅ ብዙ ቅሬታ ያስቀር ነበር። በኢጃራ የሚሸጠው የቤቱ ግድግዳና ጣሪያ አይደለም፤ “መንፈዓ”ው ነው፣ ማለትም የመኖሪያነት ጥቅሙ። ግድግዳው የአከራዩ እንደሆነ ይቀራል። ጥቅሙ ግን ውሉ እስኪያበቃ ድረስ የተከራዩ ንብረት ነው፤ የፊቅህ ሊቃውንት ተከራዩን የመንፈዓው ማሊክ አድርገው ይቆጥሩታል። ማሊክ ማለት ባለቤት ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ላይ ሁለት ባለቤቶች አሉ፤ አንዱ የቤቱ አካል ባለቤት፣ ሌላው የኑሮው ባለቤት። ለሱሑር መነሳት፣ ዘመድ ጠርቶ ማስፈጠር፣ ልጆችን ይዞ ቁርኣን መቅራት መኖሪያ ቤት የሚከራዩባቸው የተለመዱ ጉዳዮች ናቸው። በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለና ጎረቤት የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ፈቃድ የሚለመንባቸው አይደሉም። ቤቱ እንዲኖሩበት የሚያስፈልገው ዋና ጥገና፣ ጣሪያው ሲያፈስ፣ የፍሳሽ መስመሩ ሲደፈን፣ የአከራዩ ፋንታ ነው። የተከራዩም ፋንታ ቀላል አይደለም። ቤቱ በእጁ ያለ አማና ነው፤ ያለ ጥፋቱ ለተበላሸው አይጠየቅም፣ በቸልተኝነቱ ለተበላሸው ግን ይጠየቃል። ውሃ ከፍቶ ወደ ተራዊሕ የሄደ፣ በሳምቡሳ ዘይት ግድግዳ ያጠቆረ ሰው “ኪራዬን ከፍያለሁ” ብሎ አያመልጥም።

ቃላትን እንዲህ መመርመር ለእስልምና ባዕድ ነገር አይደለም። በዐረብኛ የንብረትን ጌታ “ረብ” ማለት ጥንትም የተለመደ ነበር፤ የቤቱ ሰው “ረቡል በይት”፣ የግመሎቹ ሰው “ረቡል ኢቢል” ይባላል። ይህ ቃል ከእኛ አገር ሰው ጋር የሚገናኝበት የታወቀ ታሪክ አለ። የመን ላይ ይገዛ የነበረው ሐበሻው አብረሃ ከዝሆኑ ጋር ወደ መካ ሲቃረብ ወታደሮቹ የዐብዱል ሙጦሊብን 200 ግመሎች ነዱ። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አያት ወደ አብረሃ ቀርበው የጠየቁት ግመሎቻቸውን ብቻ ነበር። አብረሃ ስለ ካዕባ አለመናገራቸው ገርሞት ሲጠይቃቸው እሳቸው የግመሎቹ ረብ መሆናቸውን፣ ቤቱ ደግሞ የሚጠብቀው የራሱ ረብ እንዳለው መለሱለት። አማርኛችን ይህንን ለመተርጎም አይቸገርም። ለቤቱ ባለቤት አለው ማለታቸው ነው። ሱረቱል ቁረይሽም ሰዎችን የሚጠራው የዚያኑ ቤት ረብ እንዲገዙ ነው። ልጆቻችን በቃላቸው የሚያነበንቧት አጭር ሱራ ናት።

በኋላ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰው ለሰው ግንኙነት ውስጥ ይህችን ቃል ገደብ አበጁላት። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አገልጋይ አሳዳሪውን “ረቢ” እንዳይል፣ ይልቁንም “ሰይዲ” ወይም “መውላየ” እንዲል አዘዋል። አሳዳሪውም “ባሪያዬ” ማለትን ትቶ “ልጄ” እንደማለት ያለ ጥሪ እንዲጠቀም አስተምረዋል። የጊዜው ሥርዓት በአንድ ቀን ባይቀየርም አንደበት ግን በዚያው ቀን እንዲቀየር ተደርጓል። እንግሊዝኛ የሚናገረው ዓለም አከራዩን እስከ ዛሬ “ላንድሎርድ” ይለዋል፤ ቃል በቃል የመሬት ጌታ መሆኑ ነው። እዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ቃሉን በየወሩ ይጠሩታል፣ ትርጉሙን የሚያስበው ግን ያለ አይመስለንም።

እኛም አገር ቢሆን የመሬት ጌታ ነበረን፤ ስሙም ብዙ ነበር። “ባላባት” ማለት ባለ አባት ነው፤ አባት ያለው፣ ዘሩ የታወቀ። “ባለርስት” ርስት ያለው። “ባለጉልት” ከመሬቱ ግብር የሚበላ። በሌላኛው ወገን የቆመው ደግሞ “ጭሰኛ” ነው። ጭስ ከሚለው ቃል የወጣ ስም ነው፤ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚያጨስ ሰው። ያመረተውን እኩል ወይም ሲሶ ያስረክባል። የቃላቱን ሚዛን ልብ በሉ። አንደኛው በአባቱ ይጠራል፣ ሁለተኛው በምድጃው ጭስ።

ይህ ታሪክ ለሙስሊሙ ቤተሰብ የተለየ ቁስል አለው። እንደ ወሎ ባሉ አካባቢዎች መሬት የነበራቸው ሙስሊሞች ቢኖሩም በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ በብዙ ቦታ ርስት ለሙስሊም አይፈቀድም ነበር። በጎንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች በተለየ ሰፈር እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር። መሬት የሌለው ሰው ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ያዘነብላል። አያቶቻችን ለምን በቅሎና ሚዛን ይዘው እንደኖሩ ለሚጠይቁ ልጆች አንዱ መልስ ይኸው ነው። “እስላም አገር የለውም” የሚል ክፉ አነጋገርም ከዚያው የመነጨ ነበር። ባለርስት የሚለው ቃል በእነሱ አፍ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ስም ሆኖ ኖረ።

ስለዚህ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ መሬት የመያዝ መብት መሆኑ የሚጠበቅ ነበር። ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰልፈዋል። በዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ባለርስትና ጭሰኛ የሚሉት ቃላት ከሕግ ወጥተው ወደ ታሪክ መጽሐፍ ገቡ። ገበሬው መሬቱን እንዲያርስ እንጂ እንዲሸጥ ባይፈቀድለትም ጭሰኛ ብሎ የሚጠራው ግን ቀረ።

ከተማውም ብዙ አልቆየም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። “ትርፍ ቤት” የሚለው ቃል የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ይቀርለታል፣ ሌላው ትርፍ ነው። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፈ። ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ እንዳያገኝ ተከለከለ። አከራይ የሚለው ቃል ፊት አጣ፤ አከራያችሁ ማነው ሲባል መልሱ “ቀበሌ” ሆነ። ከዕድሜ ልክ ንግዳቸው ባጠራቀሙት ሁለት ሦስት ቤት የሠሩ ነጋዴዎችም በአንድ ቀን የትርፍ ቤት ባለቤቶች ተብለው ተመዘገቡ፤ ከእነሱም መካከል መርካቶ ያፈራቸው ሙስሊሞች ነበሩ። ርስት ሲከለከሉ የኖሩ ሰዎች ልጆች ከተማ ገብተው ቤት ሲሠሩ ቤቱ ትርፍ ሆኖ ተገኘ። በሌላ በኩል ደግሞ ለዓመታት ኪራይ ሲያስጨንቃቸው የኖሩ ብዙ ቤተሰቦች እፎይ አሉ። ይህንን ታሪክ በአንድ ሚዛን ብቻ መመዘን ይቸግራል።

የቀበሌ ቤት አንድ ሌላ ቃል አስፋፋ፤ “ደባል”። ስሙ ቤቱ ላይ ያልተመዘገበ፣ ነገር ግን ተዳብሎ የሚኖር ሰው ማለት ነው። ደባል የሚያስገባው ሰውስ ስሙ ማን ነው? አከራይ እንዳይባል ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ባለቤት እንዳይባል እሱም ተከራይ ነው። ቋንቋችን ለእሱ ስም አላወጣለትም። ሰዉ ግን ተቸግሮ አያውቅም፤ “እነ እገሌ ቤት ነው ያለሁት” ይላል። በብዙ የመርካቶ፣ የፒያሳና የአብነት ግቢዎች የአንድ ሰፈር ልጆች ረመዳንን አብረው ያደጉት በእንዲህ ያለ ስም የለሽ መዳበል ነው።

ዛሬ ደግሞ ኮንዶሚኒየም አለ፣ ቃሉም ከእጣ ጋር ተያይዟል። “የደረሰው”፣ “ዕጣ የወጣለት”፣ “ዕድለኛ” ይባላል። ዕጣው ከወጣ በኋላ የሚመጣው የባንክ ብድርና ወለድ ለሙስሊሙ ቤተሰብ ከባድ ጥያቄ ሆኖ እንደኖረ አንባቢዎቻችን የሚያውቁት ነው። ዕጣ ደርሷቸው በወለዱ ምክንያት የተጨነቁ፣ ከዘመድ ተበድረው በአንድ ጊዜ የከፈሉ፣ የተውትም አሉ። ዕድለኛ መባላቸው ራሱ የሚያስተክዛቸው ቤተሰቦች ነበሩ ማለት ነው።

ሕጉ ግን ስሜት የለውም፤ ቃሉም ንጹሕ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚያውቁት አከራይንና ተከራይን ነው። አዲሱ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ተግባራዊነቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አዋጁ መኖሩን የማያውቅ ተከራይም፣ አውቆ ዝም የሚል ተከራይም አለ። ዝም የሚለው ብዙውን ጊዜ “ባለቤቶቹ ይቀየሙናል” ብሎ ነው። ቃሏ እዚህም መጣች። ወደ ፊቅሁ ብንመለስ ደግሞ ጊዜውና ዋጋው የታወቀ መሆን ለኢጃራ ትክክለኛነት መስፈርት ነው፤ በጽሑፍ የሰፈረ ውል ለአዋጁም ለሸሪዓውም አይከፋም። (ጊዜ ከተነሳ አይቀር፣ አምስቷ ወይም ስድስቷ የጳጉሜን ቀናት ኪራይ የማይታሰብባቸው መሆኑ የአገራችን ልማድ የሠራው ደግ ነገር ነው። የሌላ አገር ተከራይ የሚቀናበት አሥራ ሦስተኛ ወር አለን።)

ወደ ዐረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን ደግሞ ሌላ ቃል ይዘው ይመለሳሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩት በአሠሪያቸው ቤት ነውና የቤቱ ባለቤት፣ አሠሪያቸውና የመኖሪያ ፈቃዳቸውን የያዘው ሰው አንድ ናቸው፤ “ከፊል” ይሉታል። ከፊል በመሠረቱ ዋስ፣ ኃላፊነት የወሰደ ማለት ነው። የቲምን የሚያሳድግ ሰውም “ካፊል” ነው፣ ሥሩ አንድ ነው፤ በዲናችን ውስጥ ከከበሩት ስሞች የሚቆጠር። እንዲህ ያለ ቃል ለአንዳንዶቹ የተከበረ ስም፣ ለአንዳንዶቹ ደግሞ የፍርሃት ስም ሆኖ መመለሱ ቃሉን ሳይሆን ቃሉን የተሸከመውን ሰው ያስጠይቃል።

ታዲያ በግቢያችን ምን እንበል? ለታላቅ ክብር መስጠት የአገራችንም የዲናችንም ሥርዓት ስለሆነ ሐጂ፣ ሼኽ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እማማ ማለት የሚያጎድለው ነገር የለም። ሐጂ የምንላቸው ስላከራዩን አይደለም፤ ሐጅ ስላደረጉና ታላቃችን ስለሆኑ ነው፤ ባያከራዩንም ያው ሐጂ ናቸው። ስለ ኪራዩ ስናወራ ደግሞ “አከራያችን” ብንል ይበቃል። ባለቤት ማለትም ሐራም ሆኖ አይደለም፤ ልጆች በሚሰሙበት ግቢ ግን “ባለቤቶቹ እንዳይቆጡ” ከማለት “ጎረቤቶቻችን እንዳይረበሹ” ማለት ይሻላል ብለን እናምናለን። ጸጥታ ለጎረቤት መብት ሲባል ከሆነ ልጁ አደብ ይማራል፣ ለቤቱ ጌታ ሲባል ከሆነ ፍርሃት ይማራል። በአከራዮችም በኩል “ተከራዮቹ” የሚለው ጥቅል ስም ቀርቶ “እነ ፋጡማ”፣ “እነ አሕመድ” ቢባል ምንም አይጎድልም። ለአዛን አንድ ደቂቃ ሲቀር ሳሕን ይዞ የሚያንኳኳን ልጅ ማን እንደሆነ በስሙ የማያውቅ ግቢ ብዙ ነው።

ሰው በቤቱ ያለን ሰው እንዴት ይይዛል ለሚለው የአቡ አዩብ አል-አንሷሪ ቤት አይረሳም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ያረፉት በእሳቸው ቤት ነው፤ ነቢዩ ከታች፣ አቡ አዩብና ባለቤታቸው ከላይ። ባልና ሚስቱ ከነቢዩ ራስ በላይ መራመዱ ከብዷቸው ወደ አንድ ጥግ ተጠግተው ያደሩበት ሌሊት ተዘግቧል። አንድ ቀን እንስራ ተሰብሮባቸው ውሃው ወደ ታች እንዳይንጠባጠብ በአንዲት ብቸኛ ብርድ ልብሳቸው አደረቁት። ነቢዩ እንግዳ እንጂ ተከራይ አልነበሩም፣ ኪራይም የለም፤ ነገሩ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖር ለማንም ቅርብ ነው። የመስጊዱን ቦታ በተመለከተ ደግሞ መሬቱ የሁለት የቲም ልጆች ሆኖ ሳለ በነፃ ይሁን ሲባሉ እሺ አላሉም፤ ዋጋውን ከፍለው ነው የወሰዱት።

ባለቤት የሌለው የሚመስል አከራይም አለ፤ ወቅፍ። በብዙ ከተሞቻችን በመስጊዶች ዙሪያ ያሉ ሱቆች ኪራያቸው ለመስጊዱና ለመድረሳው ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ኸይበር ላይ ያገኙትን መሬት ምን ላድርገው ሲሉ የተመከሩት ዋናውን አስቀርተው ፍሬውን ሰደቃ እንዲያደርጉ ነበር። ከዚያ በኋላ መሬቱ አይሸጥም፣ አይወረስም። ወቅፉን የሚያስተዳድረው ሰው “ናዚር” ይባላል፤ ተመልካች፣ ጠባቂ እንደማለት ነው፣ ማሊክ አይባልም። ከመስጊድ ሱቅ ተከራይቶ በገበያው ዋጋ የማይከፍል ነጋዴ ደግሞ የሚያጎድለው ከናዚሩ ኪስ አይደለም።

በዚህ ወር ዘካቸውን የሚያስቡ አከራዮች ብዙ ናቸውና ስለ እሱ ጥቂት እንበል። ለሚከራየው ቤት ለራሱ ዋጋ ዘካ እንደማይወጣ፣ ዘካው ከኪራዩ ገቢ እንደሆነ ዓለም አቀፉ የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ ወስኗል። ገቢው ከተያዘ በኋላ ዓመት ሲሞላውና ኒሳብ ሲደርስ፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅን ዋጋ ሲያክል፣ 2.5 በመቶ ይወጣል። ለቤተሰብ ወጪ የዋለው አይቆጠርም። ዶክተር ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ ኪራይን ከእርሻ ምርት ጋር አመሳስለው የበለጠ መጠን ያስቀመጡበት አስተያየትም አለ፤ የሚበዛው ፈትዋ ግን የፊተኛው ነው። ዝርዝሩን በቅርብ ያሉ ዑለሞችን መጠየቅ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል። ኪራይ ያልከፈለ ችግረኛ ተከራይ አለ፤ አከራዩ ዕዳውን ምሮ “ይህ ከዘካዬ ይታሰብልኝ” ቢልስ? አብዛኞቹ ሊቃውንት አይታሰብም ይላሉ፤ ዘካ መስጠት እንጂ መተው አይደለም። ዕዳውን መማሩ በራሱ ትልቅ አጅር ያለው ሰደቃ ነው፣ ጊዜ መስጠትም እንዲሁ። ዘካውን ለዚያው ተከራይ መስጠት ከፈለገ ግን ተከራዩ የሚገባው እስከሆነ ድረስ ይቻላል፤ “መልሰህ ኪራዬን ክፈለኝ” የሚል ቅድመ ሁኔታ ሳይኖር፣ በእጁ ማስጨበጥ። ከዚያ በኋላ ለኪራይ ቢያውለው፣ ለዒድ የልጆች ልብስ ቢገዛበት፣ ዱቄት ቢሸምትበት የሚወስነው ተከራዩ ነው፤ የገንዘቡ ባለቤት እሱ ነውና።